ቢን እና ጎን

ፒተርሄድ ወደብ ላይ፣ ከዓሣው መጋዘን በላይ ባለች ክፍል
ማክሰኞ ሲመሽ ሰባት ሰው ይመጣል፤
እጃቸው በሎሚ ታጥቦም ዓሣ ዓሣ ይላል፣
ደብተራቸው ላይ ቅርፊት ያብለጨልጫል።
እኔ አስተምራለሁ። ማለት፣ ይጠይቁኛል።

ሮዴል ይጀምራል፤ አገሩ ኢሎኢሎ፤
ሁልጊዜ የሚመጣው ጥያቄ አንጠልጥሎ፦
«አንድ ዓሣም ‹ፊሽ› ነው፣ ሺህ ዓሣም ‹ፊሽ› ከሆነ፣
እኔ የከተፍኩትን ማን ቆጥሮ መዘነ?»
መልስ ነበረኝ። ሳቁ ቀደመኝና ክፍሉን ሸፈነ።

ኦክታቪያን ቀጠለ፤ ቢላዋ ነው እንጀራው፦
«‹ናይፍ› ስንል ከፊት ያለው ‹ኬ›፣ ድምፅ ከሌለው፣
እዚያ ምን ሊሠራ ነው የቆመው?»
«ድሮ ይናገር ነበር» አልኩት፤ «ኋላ ዝም አለ፤
ከቦታው ግን ማንም አላነሣው።»
«እንደ አባቴ» አለ።
ከዚያ ወዲያ እኔም አልጠየቅሁት።

«ነጠላ ሰረዝ የት ይግባ?» ላለኝ ለአቢልዮ
«ትንፋሽ የምትወስድበት» ብዬው ነበር አንድ ቀን፣ ሳላስብበት።
ለካ አስም አለበት፤
ድርሰቱን ሲያመጣው፣ በየሁለት ቃሉ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ አስገብቶበት።
ማረም ጀመርኩና፣ ድምፁን ሰማሁበት፣
ተውኩት።

ሽማግሌው ቪቴኒስ በግጥም ይናደዳል፦
«ይሄ ሰውዬ ‹ባሕሩ ተኝቷል› ይላል።
ሠላሳ ዓመት ሠራሁበት፤
አንድ ሌሊት እንኳ ዐይኑን ሲከድን አላየሁት።
ውሸት በግጥም ሲሆን ስሙ ምንድን ነው?»
«ዘይቤ» አልኩት።
«ዘይቤ» ብሎ ጻፈ፤ ከጎኑ
በገዛ ቋንቋው ሌላ ቃል ጨመረ፤
ጎረቤቱ አይቶ እየሳለ ሳቀ።

ድዚንትራ አትጠይቅም። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ
ስድስት ወር ሙሉ ጻፈች።
ዛሬ እጇን አወጣች፤ እስከ ክርኗ ድረስ ብቻ፣
መልሳ ልታወርደው እንደምትችል ሰው።
«‹ቢን› እና ‹ጎን›» አለች። «ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ይህንንማ ዐውቀዋለሁ! ሃያ ዓመት ያስረዳሁት፣
ጠመኔ አንሥቼ ሁለት ቀስት ሳልሁለት፦
«ሄዶ የመጣ ሰው ‹ቢን› ነው፤ ገበያ ደርሶ እንደገባ።
ሄዶ ያልመጣ ግን ‹ጎን› ይባላል።»
አንዱን ቀስት አዙሬ ወደ መነሻው መለስሁት፣
አንዱን እስከ ሰሌዳው ጠርዝ ወሰድሁና ተውሁት።
«ጎን» ስል፣ ጎኗን ያዘች።
ሰዓቱ ደረሰ። ወንበር ተንኳኳ።
ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ አኑራ፣ ኮፍያዋን አጥልቃ ወጣች።

ማታ ቤቴ ገብቼ ገለጥሁት፤
ስለ ቤተሰብ አምስት ዐረፍተ ነገር።
እናቷ ሊየፓያ ትኖራለች። እኅቷ ነርስ ናት።
አክስቷ ንብ አላት። ድመቷ አርጅታለች።
አምስተኛው፦ «ወንድሜ አይቫርስ ባሕሩ ዘንድ ሄዶ መጥቷል።»
‹ቢን› ብላለች።

አይቫርስን ወደቡ ሁሉ ያውቀዋል።
በጥቅምት አራት ሰው ይዛ የወጣችው ጀልባ
(ጀልባ ለምን «እሷ» እንደምትባል አሁንም አላውቅም)
አንድ ቢጫ ቦቲ ብቻ ነው የላከችው።

ስሕተቱ ሁለት ነው።
መርከበኛ ባሕር ሲወጣ ‹ዘ› አይጨመርም፤
ባሕሩን ‹ዘ› የሚለው ለሽርሽር የወረደ፣
እግሩን አርጥቦ ለእራት የሚመለስ ነው።
እስክሪብቶዬ ‹ዘ› ላይ ቆመ። ‹ቢን› ላይ ቆመ።
ቀለሙ ወረቀቱን ነክቶ ትንሽ ቀይ ነጥብ ወጣው።

ደብተሩን የሰጠችኝ እኮ
መልሱን ከነገርኳት በኋላ ነው።
እርሳሷ በእጇ ነበር። ላጲስም ነበራት።

ከአምስት አምስት ሰጠሁ።
ሮዴል ቢሰማ «ማን ቆጥሮ?» ይለኛል።