ከስንት በግ በታች

ትእዛዙ በደብዳቤ ከወረዳ መጣ፣
«አሥራ አንድ ሰው ይቀነስ፣ አሥራ አንድ ስም ይውጣ።»
ምክንያቱ አንድ መስመር፣ ማኅተሙ ግን ሰፊ፤
አንባቢውም እኔ ነኝ፣ የቀበሌው ጸሐፊ።
ከአሥረኛ የወደቅሁ፣ እጅ ጽሑፌ ያማረ፣
ለዚሁ ነው የተሾምኩት፣ ስም መጻፍ ከተጀመረ።

ደባልቄም ከዝርዝሩ አለ፣ ካረፈ ሁለት ዓመቱ፣
ወር በወር ይፈርማል፣ ዘይቱን ሊወስድ በጣቱ።
ሚስቱ ናት የምትመጣው፣ አውቃለሁ። የእሷን ስም
ለማስገባት ስድስት ፊርማ ያስፈልጋል። አላገኘችም።

ከመሐል ሜዳ ወዲህ፣ ከመጋዘኑ ደጃፍ፣
ባና ተከናንበን፣ ጉም እንደ ሱፍ ሲራገፍ፣
ተቀመጥን ድንጋይ ላይ፣ አንድ ጥያቄ ይዘን፦
ድሃ ማለት ማነው? በምን እንመዝን?

አቶ ወንድይራድ፣ ሊቀ መንበራችን፣
ጉሮሮውን ጠርጎ ቆመ መሐላችን፦
«መመሪያው ግልጽ ነው። ከአምስት በግ በላይ
ያለው ከዝርዝሩ ይወጣል፣ ፊት ሳናይ።»

«በግ ስትል ምን ዓይነት?» አለ አንዱ ከጥግ፣
«የቆመ? የታመመ? ነገ የሚሞት በግ?
ግልገልስ ይቆጠራል? ገና ጡት ያልጣለው?
የርቢስ የማን ነው? የያዘው? የሰጠው?»
«ልጇን ዓረብ አገር ልካ ቆርቆሮ የመታች፣
እሷስ ድሃ ናት ወይ?» «ቆርቆሮ መቼ በላች?»
«ነቅላ ትሽጠዋ!» «በውርጭ? ከነልጆቿ?»
«የትኞቹ ልጆች? ሄዱ እኮ፣ ባዶ ነው ደጇ።»
«ስድስት ወር ሙሉ እርከን፣ ደንጊያ ተሸክመን!
የላባችን ዋጋ ነው፣ ማን መጸወተን?»
«አልጋ ላይ የዋለስ? ላብ የሌለው ሰው?»
«እሱን እግዜር ይየው።» «እግዜር ነው ጸሐፊው?»
ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ አንገት ደፍቼ
ቀኑን ደግሜ ጻፍኩት፣ መስመር አበጅቼ።

ከዚያ በሽታዬ ላይ ዞረ ክርክሩ፣
«አይቻታለሁ» አለ፣ ቆሞ ምስክሩ፣
«ሞላሌ ገበያ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ!
እርዳታ ይሸጣል?» ጮኸ ተቃጥሎ።

«ሸጫለሁ» አለች እሷ። ድምጿ አልተሰበረም።
«ፋርማሲው መድኃኒት በስንዴ አይሰጥም።
ልጄን የሚጥላት ያ ክፉ ሕመም
ቂጣ ስላበላኋት ትቷት አልሄደም።»

ዝም ተባለ ጥቂት። ከዚያ ተረሳሳ፣
ተራው ደረሰና ሸዋቀና ተነሳ።
ቀኝ እጁን አንሥቶ፦ «ይሰንጥቀኝ መብረቅ፣
አራት በግ ነው ያለኝ፣ አንዷም የማትዘልቅ፤
ኑ፣ ጋጣዬን እዩ፣ ባዶ ነው» እያለ
የመሐላው ጭራ አፉ ላይ እንዳለ፣

ከገደሉ ጫፍ ላይ፣ ከጉሙ ተቀድዶ
መጣ የበግ ድምፅ፣ ከወዲያ ቀበሌ ማዶ።
አንድ ሁለት አይደለም፣ አርባ ሃምሳ ይሆናል፤
ማታ የሸሸጉት በግ ሲርበው ይመጣል።
ጋጣውን ነው የሚያውቅ፣ ደብዳቤ አላነበበም፣
በስብሰባው መካከል ሲያልፍ ፈቃድ አልጠየቀም።

ሳቅ ፈነዳ። ወዲያው ሳቁ ተቋረጠ፤
የሁሉም ሰው ዓይን በመንጋው ውስጥ ፈጠጠ።
ቀይ ክር ያሠረው አውራ የሊቀ መንበሩ፣
ጥቁሯ መሲና የገበያ ምስክሩ፤
ጆሮዋ የተቆረጠው፣ ግንባረ ነጯ በግ
የእናቴ ናት። ትላንት ማታ እኔው ነዳኋት፣ ጥግ ለጥግ።

ሽታዬ ብቻ ናት መንጋውን ያላየች፤
የምትፈልገው የላት፣ በእንጨት መሬት ትጭራለች።

«ሰዓቱም ሄደ» አለ ወንድይራድ ድንገት፣
«የበጉ ጉዳይ ይደር፣ ይጠና በጥልቀት።
ሽያጯ ግን ግልጽ ነው...» ብሎ ሳይጨርሰው
እጅ ወጣ፣ እጅ ወጣ፣ ሰው እያየ ሰው።

ከአሥራ አንዱ ረድፍ ውስጥ አንዱ ብቻ ሞላ።
ጉሙ ወርዶ ነበር፣ ወረቀቱም ላላ፤
ቀለሙ ፈሰሰ ከ«ሽ» እስከ «ዬ» ድረስ፣
መስመሩን ግን ቀጥ አድርጌ፣ እጄ ሳይመለስ።

ማታ እናቴ በሩ ላይ፣ በዚያ ጨለማ
«በጋችን ገባች?» አለች፣ ኮቴ ሰምታ ቆማ።
«ገባች» አልኳት።
ማን እንደ ወጣ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት።