የገና ሌሊት ፊውዝ

ውርጩ ጠባሴ ላይ ቆርቆሮ ሲያነጣ፣
ነጠላዬን ደርቤ ከቤት ስወጣ፣
ልቤ ሁለት መንገድ ይዞብኝ መጣ፤
ሽቅብ ወደ ሥላሴ፣ አባቴ ወደቆመበት፣
ቁልቁል ወደ ሚሲዮኑ፣ ሲስተር ለተመስቀል ወደምትጠብቅበት።

«ና» ብላኝ ነበር፣ ማክሰኞ፣ ከክሊኒኩ ደጃፍ፣
«በእናትህ ስም ሻማ አለ፤ የገና ቅዳሴ እንዳያልፍ።»

እናቴን ስኳር ነው የበላት፣ ከእግር ጣቷ ጀምሮ፤
እኔ ወንድ ልጇ አፍንጫዬን ይዤ ስወጣ ወደ ጓሮ
ያቺ ሴት ተንበርክካ፣ በጨው ውኃ፣ በፋሻ፣
ሦስት ወር አጠበችላት፣ እስከ መጨረሻ።
አንድ ቀን «ማተብሽ የማን ነው?» አላለቻትም፤
እማዬም ስትሞት እጇን እንጂ ስሟን አልያዘችም።

አባ ክንፈሚካኤልን ጠየቅኋቸው፣ የነፍስ አባቴን፤
ጭራቸውን አስቀምጠው አዩት ፊቴን።
«ልጄ፣ ሁለት ባሕርይ ባሉ ጊዜ ስንት አንገት እንደወደቀ
ይህ አገር አልረሳም፤ ሰው ቢረሳ ድንጋዩ አወቀ።
አመስግናት፤ ዶሮም ውሰድላት፤ ቅዳሴዋ ግን ይቅርብህ፣
በሰው ደጅ የቆመ እግር አያደርስህም ከቤትህ።»

ሚስቴ አስካለ ደግሞ፣ ቅቤ እያነጠረች፣
«ሂድም አልል፣ ቅርም አልል» ብላ፣ ቆይታ ጨመረች፦
«ግን እማዬ ብትሆን የት ትሄድ ነበረች?»

ከተማችን ስሟ ብርሃን፣ መብራቷ ግን ወረተኛ፤
ያን ሌሊት ሰፈሩ በርቶ ሚሲዮኑ ጠፋ፣ ብቸኛ።
ዘበኛው ጋሽ አንዳርጌ በባትሪ ፊቴን አበራ፣
«አንተ አይደለህ እንዴ የመብራት ሠራተኛው? ና፣ ሥራ!
ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ወንጌል አይነበብ በዳበሳ!»
ፒንሳዬ ከኪሴ አይጠፋም፤ እግሬ ሳያማክረኝ ተነሣ።

ደጃፉ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። አውልቅ ያለኝ የለም።
ሰዉ በጫማው ነው፤ እኔ ግን አልሆነልኝም።

ቆጣሪው ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ፣ ሲሚንቶው በአመዳይ ርሷል፤
በባዶ እግር፣ በርጥብ መሬት፣ ሽቦ ነክቶ ማን ይተርፋል?
ሃያ ዓመት በተለማማጅ ሁሉ የምጮኸው ይህንኑ ነበር፣
«ጫማ! ጫማ አድርግ!» ብዬ፤ አሁን ለእኔ ማን ይናገር።

ለተመስቀል ገባት። አንዲት ቃል አልተናገረች፣
የሚንበረከኩበትን እንጨት ጎትታ ከእግሬ ሥር አስጠጋች።
ደረቅ ጽድ ነው፤ በጉልበት ታሽቶ መሃሉ ጎድጉዷል፣
የስንቱ ልመና እዚያ ላይ ተቀምጧል፤
እኔ በተረከዜ ቆምኩበት። ይቅር ይበለኝ። ሌላ ምን ይባላል?

ከመጋረጃው ማዶ ዲያቆኑ ድምፁን ሲያሰማ
«ተንሥኡ ለጸሎት» አለ፤ በግዕዝ፣ በእኛው ዜማ!
እጄ ከሽቦው ላይ ቀረ። «እግዚኦ ተሣሃለነ» የሚለው
ከአፌ ሊወጣ ሲል፣ በጥርሴ የነከስኩት ናስትሮ ነው የመለሰው።
ኋላ የጳጳሳቸውን ስም ጠሩ፤ የሩቅ አገር ስም፤
እዚያ ላይ አፌ ናስትሮ አላስፈለገውም።

ፊውዙን መለስኩ። በራ።
አንዲት ሕፃን ልጅ አጨበጨበች፤ እናቷ እጇን ያዘች፤
የእናቴ ሻማ ከአምፖሉ ሥር ደብዝዛ፣ ግን ቆማለች።

ሥላሴ የደረስኩት ረፍዶ፣ እንደ ዘገየ ሰው፣
ከግንቡ ሥር፣ ከሕዝቡ ኋላ፤ ብርዱ እግሬን ሲልሰው።

በማግስቱ አባ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አፈሰስኩት፤
«ቅዳሴ ሄድኩ ወይስ ሥራ?» አልኩና እሳቸው ላይ ጣልኩት።
ዝም አሉ። ከበሬሳ ማዶ ልጆች ሩር ሲመቱ ይሰማል፣
አንዱ ሌላውን «ሚናህን ለይ!» እያለ ይጮኻል።

«ጫማህንስ?» አሉኝ በመጨረሻ።
«አውልቄ ነበር።»
«በዚያ ውርጭ?»
«በዚያ ውርጭ።»
መስቀላቸውን አሳለሙኝ። በዓሉ ሲያልፍ ሃምሳ ስግደት አሉኝ፤
በመግባቴ ይሁን መንበርከኪያው ላይ በመቆሜ አልነገሩኝም፤
እኔም አልጠየቅኋቸውም።