ሮብሌ ሲመዘን

ማሳሰቢያው መጣ ሰኞ ጠዋት በስልክ፦
"እስከ ሐሙስ ድረስ የግል ግብዎን ይሙሉ፤
የሚለካ ይሁን፣ ቁጥርና ቀን ያለው።"
የሳቢያን መጋዘን ሠራተኞች ሁሉ
አንገታቸው ዞረ ወደ እኔ ወንበር፤
ኮምፒውተር የሚነካ ሌላ ሰው አልነበር።

ለሹፌሮች ሞላሁ፦ "ግጭት ዜሮ፤ አንድ ጎማ ዓመት ይቆይ።"
ለአያንቱ፣ ከሒሳብ ክፍል፦ "ደረሰኝ በዕለቱ፣ ሳያድር።"
ጫኝ አውራጁ ኢድሪስ "ግቤ ሚስት ማግባት ነው" አለ፤
"ቁጥሩስ?" ብለው፣ "አንድ። ለጊዜው።"
"ከረጢት ሳይቀደድ ማውረድ" ብዬ ጻፍኩለት።
አረንጓዴ ምልክት። ቀጥሎ። ቀጥሎ።

ሮብሌ ግን ዘገየ።
ሃያ ዘጠኝ ዓመት የመኪና ሚዛን ቤት ተቀምጦ
ስንቱን ስሚንቶ፣ ስንቱን ጨው፣ ስንቱን ብረት ያሳለፈ፤
ተሳቢው ሲወጣ የብረቱን ማቃሰት ሰምቶ
"ሠላሳ ስምንት ተኩል" የሚል፤
ቀዩ ቁጥር ተንቀጥቅጦ፣ ተንቀጥቅጦ፣
ኋላ እሱ ያለው ላይ የሚቆም።

ረቡዕ ዐሥር ሰዓት፣ ፀሐይዋ ስትለዝብ መጣ፣
ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ።
"አቦ፣ ግብ የምትሉት ምንድን ነው? የኔ ግብ መግባት ነው፤
ማታ ወደ ቤቴ፣ ኋላም ወደ አፈሬ።"
"ይሄ አያልፍም ጋሽ ሮብሌ።"
"እንግዲያው ጻፊ፦ የሰው ኪሎ አልበላም።"

ጻፍኩ። ቀይ መስመር፦
"ግብዎ አይለካም። እባክዎ ቁጥር ያስገቡ።"

"አይለካም?" አለ። "እኔ ታዲያ
ይሄን ሁሉ ዓመት ስለካ የኖርኩት ምኑን ነው?"
ጥቂት ዝም አልን። ማራገቢያው ዞረ።
"በይ፦ 'ሮብሌ በደለኝ' የሚል ሰው፣ ዜሮ።"

ዜሮም ቁጥር ነው፤ ሶፍትዌሩ ወደደው፣
ሌላ ሳጥን ከፈተ፦ "መነሻ። አሁን ስንት ነው?"

ልዘለው ነበር። እጄን ያዘኝ።
"አንድ" አለ።

ደቻቱ የሞላ ዓመት ነው። የኤረር ሰው፣ የሽንኩርት ጭነት፤
ሮብሌ በገዛ እጁ ስድስት መቶ ኪሎ ጨምሮ ጻፈበት።
ሰውየው ቅጣቱን ከፈለ፤ ለመክፈል መኪናውን ሸጠ።
"ምክንያት ነበረኝ። ምክንያት የሚጻፍበት ሳጥን አለ?"
ፈለግኩ። የለም።
"ደግ" አለ።

ማብቂያውን ቀን ሶፍትዌሩ ራሱ ሞላ፦ ሰኔ ሠላሳ።
"እኔ ጡረታ የምወጣው ሚያዝያ ላይ ነው፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ይመዝንልኛል?"
መልሴን አልጠበቀም።
"አስቀምጥ" የሚለውን ራሱ ተጫነው፣
ማኅተም በለመደ አውራ ጣቱ፣ ጠበቅ አድርጎ፣
ጠረጴዛው እስኪንቀሳቀስ።

ዓርብ ፈቃድ ወሰደ። ቅዳሜ ጫማው አቧራ ለብሶ፣
በፌስታል ሎሚ ይዞ ገባ።
"አገኙት?"
"ሎሚ ሰጠኝ።"
"ሌላስ? ምን አለ?"
"ሎሚ አልኩሽ።"

ወጥቶ ፌስታሉን ሚዛኑ መሀል አኖረው።
ያ ሚዛን ከሃያ ኪሎ በታች አይሰማም፤
ቀዩ ቁጥር ንቅንቅ አላለም፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።
እሱ ግን ቆሞ ጠበቀው፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ፣
ብረቱ ሲያቃስት ሊሰማ፣
ከኋላው ተሳቢ ጥሩንባ እስኪነፋበት።

ገጹ ላይ አሁንም "በሂደት ላይ" ይላል።
የእኔን ገና አልሞላሁም። ሐሙስ አልፏል፤
ሕሊና፣ ከሰው ሀብት ክፍል፣ ሁለቴ ደውላለች፤
አላነሳሁላትም።
አንድ ሎሚ ሰንጥቄ እየመጠጥኩ
ሳጥኑን አየዋለሁ። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል፦
መነሻ። አሁን ስንት ነው?