የአሥራ አምስት ክሬዲት ዱቤ

የካቲት ነው ወሩ፤ ሁለተኛው መንፈቅ፣
ሰልፉ ከሬጅስትራር እስከ ዋርካው ድረስ ሲሳብ፣ ሲላላ፣ ሲርቅ፤
እኔ አርባ ሦስተኛ፣
ከፊቴ አንዲት ልጅ፣ ጃንጥላ ዘርግታ የቆመች፣ እንቅልፋም፣ ዝምተኛ።
በእጄ ስሊፕ አለ፣ አማካሪዬ የፈረመበት በእርሳስ፣
(እስክሪብቶ አልቆበት) ሲያስነጥስ፣ ሲያስነጥስ።

መስኮት ቁጥር ሦስት፣ ወይዘሮ ብርዛፍ፣
መነጽር በገመድ፣ ብዕር በጆሮዋ ጫፍ፤
«በራሶ ዳንጊሶ» ብላ ስሜን ጠራችው፣
አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሰባት፤ ደግማ አነበበችው።
«ዋርኒንግ ነህ ልጄ። አሥራ ዘጠኝ የለም።
አሥራ አምስት ክሬዲት፤ ከዚያ በላይ ሕጉ አይፈቅድም።
ካልኩለስ ሁለትን ሰርዘው፤ አንዱን ሳታልፍ አይነካም፤
ኤፍ ደግሞ አራት ክሬዲት ላይ ከተቀመጠ፣ በዋዛ አይነሳም።»

«ሦስት መቶኛ እኮ ናት፣» አልኳት፣ «ሁለት እንዲባል።»
«ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ማጠጋጋት አያውቅም። ሰው ቢሆን ይገባዋል።»
በስሊፑ ላይ አሰመረች። «ታርሞ ይምጣ ነገ።»
በስፖርት ኮርስ የሮጥኩት ሁሉ፣ ክሬዲት የለውምና፣ ከንቱ ላብ ሆኖ ቀረ፤ ማንም አልፈለገ።

ከሰዓት በባጃጅ ወረድኩኝ ወደ ሐይቁ፣ አሞራ ገደል፤
አባቴ ዳንጊሶ መረቡን ዘርግቶ ይጠግናል።
አባ ኮዳዎቹ፣ ክንፍ ወደ ኋላ፣
እንደ ፈተና ጠባቂ በዙሪያው ይንጎራደዳሉ፤
አንጀት እስኪጣል ነው፤ ሰዓት ይጠብቃሉ።

«ስንት ክሬዲት ያዝክ?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ባለፈው መንፈቅ «አሥራ ዘጠኝ» ስለው፣ እጁን ከራሱ ላይ ጭኖ፣
«አሥራ ዘጠኝ ክሬዲት! በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ? ማንስ ዋስ ሆኖ?»
ክሬዲት ለእርሱ ያው ነው፤ ከብድርና ቁጠባው፣
የጀልባዋ ሞተር፣ የጎረቤት ፊርማ፣ የወር በወር መጥሪያው፤
ከሱቅ ደብተር ላይ የሚጻፍ ዱቤ ነው፣
ሲዘገይ፣ በማለዳ በር የሚያንኳኳ ነው።

«አሥራ አምስት፣» አልኩት፣ ድምፄን ዋጥ አድርጌ፣
ዋርኒንግ የሚል ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ከጉሮሮዬ ግርጌ።
መረቡን ለቀቀው። ፊቱ በራ። «እሰይ!
አራቱን ከፈልካት? አላልኩህም ወይ!
ሰው እንዲህ ነው፤ ቀስ እያለ ይወጣል፤
በመጪው ዓመት ደግሞ፣ እርሱ ካለ፣ ዜሮ ይገባል።»

ሳቄ መጣ።
ከሳቁ ኋላ ሌላ ነገር መጣ።

ሚዛኑን አነሳሁ፣ ዝገት የበላውን። «አባ፣ ዱቤ አይደለም፤
ክሬዲት ኪሎ ነው። ኮርሱ ዓሣው። እዳ የሚባል የለም።
ግሬዱ ዋጋው ነው፣ ለአንዱ ኪሎ የምታወጣው፤
አንድ ኪሎ ቆሮሶ በውድ ብትሸጠው፣
አራት ኪሎ አምባዛ ከበሰበሰብህ ምን ሊጠቅምህ ነው?
ኪሎውን በዋጋው አባዝተህ፣ ደምረህ፣ ለኪሎው ድምር ታካፍላለህ፤
በኪሎ ሁለት ብር ካልወጣልህ፣ ከገበያው ትባረራለህ።»

ዝም አለ። በጣቱ የመረቡን ዓይን ቆጠረ።
አንዱ አባ ኮዳ ተጠጋ፤ በጠጠር አባረረ።

«እና አራት ኪሎው ነው የሸተተብህ?»
«አዎ።»
«ስሙ ማነው?»
«ካልኩለስ።»
«ከየትኛው ሐይቅ ነው?»

አልመለስኩለትም።
ቢላውን ጠረገና፣ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ፤» አለኝ፣
«ከአናቱ ጀምረው እንግዲህ። ያቺን ባልዲ አቀብለኝ።»

ማታ ዶርም ገብቼ ስሊፑን ሳወጣው፣ ረጥቧል፤
የአማካሪዬ ፊርማ፣ የእርሳስ ነበርና፣ ግማሹ ጠፍቷል፤
በተረፈው ግማሽ ላይ አንዲት የዓሣ ቅርፊት ተጣብቃ፣ በአምፖሉ ታበራለች።

ነገ በማለዳ፣ መስኮት ቁጥር ሦስት፣
ወይዘሮ ብርዛፍ ስሊፑን ከአፍንጫዋ አርቃ፣
«ምንድን ነው የሚሸተው?» ትለኛለች።

አራት ክሬዲት፣ እላታለሁ።