ሁለት ታክሲና አንድ ባጃጅ

ከቱሉ ዲምቱ ጣቢያ እስከ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ
ሁለት ታክሲ ነው፤
ከዚያ አንድ ባጃጅ፣ ኮብልስቶን ያለቀበትን ጭቃ ተሻግሮ
ፍርድ ቤቱ አለ። ኪራይ ቤት፣ ከታቹ ወፍጮ ቤት፤
ዳኛዋ ሲያነቡ ወፍጮው ይመልሳል በመስኮት።

ተላላኪ ነኝ። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት
መዝገብ ተሸክሜ፣ ከቤት ወደ ቤት።
መሥሪያ ቤቶቹ፣ እንደ ተኳረፉ የአንድ ግቢ ምራቶች፣
በልጅ ነበር የሚነጋገሩት፤ ልጁ እኔ፣ ቃላቸው ወረቀቶች።
«ከእኛ ዘንድ ወጥቷል።»
«ማኅተም ይጎድለዋል።»

የዛሬ አራት ዓመት ነሐሴ፣ ሦስት ገጽ፣ የአንድ ልጅ ክስ፦
ኦብሳ ዲንቃ፣ የውኃ ፓምፕ ሰርቀሃል ተብሎ፤ ሊለቁት በዋስ።
ዝናቡ ጠና። የታክሲ አልነበረኝም።
ትራሴ ሥር አኖርኩት፤ ነገ እሄዳለሁ አልኩ፤ አልሄድኩም።
ልጄ ታመመች፤ ዓርብ ሆነ፤ ቅዳሜም፤ እሑድም።
ሰኞ ስደርስ ችሎቱ አልፏል፤ መዝገቡ አልቀረበም፣
ሌላ ቀጠሮ፣ አሥራ አራት ቀን።
ማንም አልጠየቀኝም።

እናቱ አያንቱ ዳቦ በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች፣
ደረቴ ላይ ባጅ አይታ፣ ባለሥልጣን መስያት፣ ትጎነበሳለች፤
«መቼ ነው?» ትላለች።

ዘንድሮ፣ ማን እንደ ጀመረው እንጃ፤
ሳጅን ገለታ ነው ይላሉ፤ ሬጅስትራሯ ናት ይላሉ፤
ሐሙስ ሐሙስ፣ ከጣቢያው ጓሮ፣ ኮንቴይነር ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ
መርማሪው፣ ዐቃቤ ሕጓ፣ የማረሚያ ቤቱ ሰው። መጀመሪያ ጭቅጭቅ፣ ኩርፊያ፣ ዋዛ፤
ኋላ ጥቁር ሰሌዳ፣ በጠመኔ ስም፣ ከጎኑ ቀን፤
«ይህ ልጅ ስንት ቀኑ ነው? መዝገቡ የት ነው ያለ?»
«ከእኛ ወጥቷል» የሚል ቢኖር፣ የተቀበለው እዚያው ተቀምጧል፤ ማምለጫ የለ።

ሁሉም አልተቃናም። መብራት ይጠፋል፤
አንዳንድ ሐሙስ ሁለት ሰው ብቻ ይመጣል፤
ሰሌዳው ላይ የሚከርም ስም አለ፤ ጠመኔው ይወይባል።
የእኔ ሥራ አሁን፣ ማምሻውን፣ የተፈታውን ሰው ስም ማጥፋት ነው፤
ይህን ብነግራት ሚስቴ ደነገጠች፤ «ስም ማጥፋት ያስከስሳል፣ ተው!»

ኦብሳ እዚያ ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም፤ እሱ ከዚያ በፊት ነው።
ባለፈው ማክሰኞ ባጃጅ ይዞ አገኘሁት፤ አላወቀኝም፤
ስለ ነዳጅ ወረፋ አወራኝ፤ ስለ ራሱ ምንም።
ፍርድ ቤቱ በር ላይ መቶ ብር ሰጥቼው ወረድኩ፣ ፈጠን ብዬ፤
«መልስ! ጋሼ፣ መልስህን!» አለኝ ከኋላዬ።
ወፍጮው ይጮኻል።
ዞር አላልኩም።