የሐር ሰዎች

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለጅቡቲ መንገደኛ
ትኬት ሲቆርጥ የኖረ የባቡር ጡረተኛ፣
ሙሴ አልፎንስ ጃርሶ፣ ከሽንሌ ያላለፈ፣
ከዚራ ከዛፉ ሥር በደብተሬ ላይ ጻፈ፦
ሴሬስ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ። እሱ በሐረር ሚሲዮን፣ ከአባቶች ጓዳ፣
ላቲንን በአርጩሜ ጠጥቶ ያደገ፤ ያልተከፈለ ዕዳ
ያለበት ይመስል፣ ስድሳ ዓመት አሳድሮ
ለእኔ ይከፍለው ነበር፣ በየቀኑ ቆንጥሮ።

«የሐር ሰዎች ማለት ነው። ድገሚው፣ አትፍሪ፤
ሴሬስ፣ ሴሩም፣ ሴሪቡስ፤ እየረገጥሽ ቁጠሪ።»
«ሠሩም?» ብዬ ሳቅሁበት፣ «ምን ሠሩ?»
«ሐር ሠሩ፤ ሮማ ለበሰች። ይኸው ነው ምሥጢሩ።
ከዛፍ ቅጠል ላይ ነው አሉ፣ በማበጠሪያ የሚያወርዱት፤
የሮማ ሊቃውንት ጻፉት እንጂ አንድ ቀንም አላዩት።»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
ከአወዳይ በቀትር ወርዶ በሰው ጉንጭ የሚያመሸው
ቅጠል ቤት ሲሠራ፣ ልጅ ሲድር፣ ድሬ ያላየችው ምን አለ?
ቅጠል ሐር ቢሆን፣ ታዲያ፣ ምኑ ነው የሚገርመው?

ከዚያ ወንዞቹ መጡ። ኢንዱስ። ጋንጌስ።
ኦክሱስ፣ በአሸዋ መሐል የሚያልፍ።
ታፕሮባኔ ደሴት ናት፣ ዝሆኗ ከሕንድ ዝሆን የሚገዝፍ።
«እኛስ?» አልሁት። «ድሬ የት አለች?»
መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።
«ለእነሱ እኛም ሩቅ ነን። አንዳንዴ ሕንድ ይሉናል፣
አንዳንዴ ፀሐይ የበላቸው።
ካርታው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ቀለሙ ሊያልቅባቸው፣
እኛንና ሕንድን በአንድ ጠብታ ጨረሱን።»
«ሐርና ሐረርስ ወንድማማች አይደሉም?»
«ይህን ላቲን አያውቅም። ያንቺ ነው፤ ጻፊው» አለኝ።

ደቻቱ ያን ሌሊት መጣ።
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ግመል ይተኛበታል፣
ልጅ ኳስ ይጠልዝበታል፤
ያን ሌሊት ግን በር ሳያንኳኳ ገባ።
ስንቱን ሰው ወሰደ። እሱን አልቆጥርም፣ አልችልም።
ከእኛ ቤት የወሰደው ደብተር ነው፤
ስለ ደብተር ማልቀስ በዚያ ሳምንት ነውር ነው፣
አላለቀስሁም።
ጋንጌስን ከነውኃው፣ ኦክሱስን ከነአሸዋው፣
ላቲን ስም ያላወጣለት ወንዝ ጠርጎ ወሰዳቸው።
ባሕር እንኳ አያደርሳቸው፤ ደቻቱ ባሕር አያውቅም፣
ከሽንሌ ወዲያ፣ ሜዳ ላይ፣ አሸዋ ጠጥቶት ይቀራል።

አዲሱ ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣
ታይዋን መጣ አንድ ቻይና
(ታይዋን ማለቴ የእኛው ገበያ፣ እናቴ ጨርቅ የምትሸጥበት)፣
ቢጫ ቆቡን በብብቱ ይዞ
አንድ የሐር ሻሽ ላይ ጣቱን አሳረፈ።
እናቴ ካልኩሌተሯን ነካች፦ አራት መቶ።
እሱ ሰረዘ፦ ሁለት መቶ።
እሷ ሰረዘች። እሱ ሰረዘ። ቃል የለም።

ሙሴ አልፎንስ በርጩማው ላይ ነበር፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣
የቁልፉን ቀጭ ቀጭ ብቻ ሰምቶ፦
«ሳይናገሩ ይነግዳሉ» አለ፣ «ዕቃቸውን ከወንዝ ዳር አኑረው፣
ዋጋውን በዓይን ጨርሰው።
ይህ እኮ ተጽፎ ነበር!»
ተነሣ። የሸሚዙን አንገት ቆለፈ።
ትኬት በመስኮት እንደሚያቀብል እጁን ዘረጋ፦
«ሴሬስ?»

ሰውየው አየው። ሻሹን አየ። እናቴን አየ።
«ሰላም ነው» አለ፣ በደህና አማርኛ፣ «አንተስ?»

ሙሴ አልፎንስ እስከ ማታ ሳቀ።
በማግሥቱም ትዝ እያለው ሳቀ።
ሲሞት የሐዲዱ ፊሽካ ይሰማ ነበር፣ ወይም መስሎኝ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ደብተር አልገዛሁም።
ሐሩን በክንዴ ስለካ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣
ደንበኛዋ የምቆጥር ይመስላታል፤
እናቴም ከጓዳ ሆና
«ስንት ላይ ደረስሽ?» ትላለች።