እጅ ማውጣት

በየስድስት ወሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ኢርያ ትመጣለች እጇን ልለካላት።
ካፖርቷን ሳታወልቅ ክንዷን ትዘረጋለች፤
«ዛሬም ሜትርሽ ቀዝቃዛ ነው» ትለኛለች።

ኦዴት ነኝ፣ ጓንት ሰፊ፣ የሴቱባል ሰው፣
ቤቴ ሳዶ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ዳር ነው።
ድሮ ለሙሽሮች ነበር ነጭ ሐር የምሰፋው፣
አሁን ሐኪም በወረቀት የሚያዘውን ነው፤
ቆዳ የሚመስል፣ ጠበቅ ያለ ጨርቅ፣
ቀኑን ሙሉ እጅ ጨብጦ የማይለቅ።

ቀኝ እጇ ነው። ከአውራ ጣቷ ሥር ተነስቶ፣
መዳፏን አቋርጦ፣ ወደ አንጓዋ ገብቶ፣
ሰማያዊ እብጠት፣ ለስላሳ፣ እንደ በሰለ በለስ፤
ሲጫኑት ይሰምጣል፣ ሲለቁት ሊመለስ።
አብሯት ተወለደ፤ አዋላጇ በዚያች ዕለት
ቀለም መስሏት በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው፣ አልለቅ አላት።
አክስቷ ፍርድ ሰጠች፦ «እርጉዝ ሳለች በክረምት
ጥቁር ወይን አምሯት ቀረ፤ ይኸው ነው አምሮት!»
ይህን ቃል ተሸክማ እናቷ ስንት ዓመት፣
ገበያ ስትወጣ ከወይን መደብ ራቀች በሃፍረት።
ሐኪሙ ነው በመጨረሻ ከጫንቃዋ ያወረደው፦
«የማንም ጥፋት አይደለም፤ ደም ሥሯ ነው
ገና በማኅፀን ሲሠራ የላላው።»
እኔ አልደነቀኝም፤ ስፌት አውቃለሁ፤
በደህና እጅ፣ በደህና ብርሃን፣ ክር ሲስት አይቻለሁ።

እጇን ወደ ታች ስትጥለው ደሙ ይሞላል፣
ሳዶ ባሕር ሲገፋው እንደሚሞላው ያለ፤ ይከብዳታል፤
ይጠዘጥዛታል፤ እርሳስ ከጣቷ ይወድቃል።
ሽቅብ ስታነሳው ደግሞ ቀስ ብሎ ይጎድላል፤
ጀልባዎች ውኃ ሸሽቷቸው ጭቃ ላይ እንደሚቀሩ
ጅማቶቿ ብቅ ይላሉ፣ ተራ በተራ ሲቆጠሩ።
ስዳብሰው ከጣቴ ሥር ይንከባለላል እንደ ምስር፣
የረጋ ደም፣ ጠጠር የሆነ፤ «አራት ነበር፣
አሁን አምስት!» ትለኛለች፣ ልክ እንደ ዕንቁ ነጋዴ፤
እኔን ግን ይባባል ሆዴ።

ሊዝበን ወስደዋት ሦስት ጊዜ በመርፌ ወግተዋታል፤
መድኃኒቱ ሥሩን አኮማትሮ ይዘጋል ይባላል።
መጀመሪያ ግን ያብጣል። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የለ።
አባቷ «ይጠፋል?» ቢለው ሐኪሙ «ይቀንሳል» አለ።
ያንን አንድ ቃል ይዘው በባቡር ተመለሱ፤
እሷ በመስኮት ወፍ ስትቆጥር፣ እነሱ ዝም አሉ እስኪደርሱ።

ከዚያ የመምህር ቫልዴማር ደብዳቤ መጣ፦
«ልጅዎ በየደቂቃው እጅ ታወጣለች፤
ስጠይቃት መልስ የላትም፣ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች፤
ክፍሉ ይስቃል። ፌዝ ከሆነ ይታረም።»
እናቷ ደብዳቤውን ይዛ ወጣች፤ ካፖርት እንኳ አልደረበችም።
ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ብቻ ከዚያ ወዲያ ሰውየው
«ካወጣሽው አይቀር፣ በይ» ይላታል፣ ፈገግ ብሎ ነው።
እሷም «ካወጣሁት አይቀር» ብላ ማታ ማታ ታጠናለች፤
የሰባትን ብዜት፣ የወንዞችን ስም ታውቃለች።
ሕመሟ ነው ጎበዝ ያደረጋት ብላት ተቆጣች፦
«ሕመም ምንም አያስተምርም! እኔ ነኝ ያጠናሁት» አለች።

ዛሬ ለክቼ ስጨርስ ሁለት ሚሊሜትር ጨምሯል፤
እድገት ይሁን እብጠት፣ ሜትሬ መቼ ይለያል?
እሱን እየጻፍኩ ሳለሁ የእኔን እጅ ያዘችና
ትክ ብላ አየችው፤ የሰባ ሦስት ዓመት ሥር ተገትሮበታልና።
«አንቺም አለሽ?»
«የእርጅና ነው።»
«ያም ቢሆን፣
ሽቅብ አድርጊው፣ ይቀልሻል።» አነሳሁ፤ አነሳች የእሷን።
ከመስኮቱ ፊት ተቀመጥን፣ ሁለት እጅ ሽቅብ ተሰቅሎ፤
ሁለቱንም መርፌ ያውቃቸዋል።
በወንዙ ዳር የመጣው አውቶቡስ ቀስ አለ፣ ከደጃፌ ቆመ፣
በሩን ከፈተ፣ የሚሳፈር አለ ብሎ።

ሳቃችን መጣ።
እጃችንን ግን አላወረድንም።